ከዋጋው በፊት ወረቀቱ፦ ቤት ፈልገን ያየነው

(የቤት አፈላላጊ ኮሚቴው በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ ሦስታችንን መርጣችሁ አንድ ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። ማኅበራችን ከኪራይ ወጥቶ የራሱ ቤት እንዲኖረው፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አንድ ቤት ፈልጉ፣ ዋጋውንም አጥኑ ብላችሁ ላካችሁን። ዛሬ የቆምነው ያየነውን ልንነግራችሁ ነው። ከመነሻው በግልጽ እንናገር፤ ቤት አልገዛንም። አንድ ጊዜ ልንገዛ ተቃርበን ነበር። ቀብድ ልንከፍል አንድ ሌሊት ሲቀረን ተውነው። ለምን እንደተውነው ከሰማችሁ በኋላ ልትወቅሱን ትችላላችሁ። ገንዘቡ የእናንተ ነውና ወቀሳውም የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ስለ ገበያው። ብዙዎቻችን ቤት የምንሸጠውም የምንገዛውም በዕድሜያችን አንድ ጊዜ ነው። የበርበሬ ዋጋ ከገበያ ገበያ እንከታተላለን፤ የቤት ዋጋ ግን ደላላ የነገረንን ይዘን እንቀራለን። እኛም ስንጀምር እንደዚያው ነበርን።

ፍኖተ ሰላም የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ሆስፒታሉ፣ የመምህራን ኮሌጁና የዞን መሥሪያ ቤቶች እዚህ ስላሉ ተከራዩ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነው። ስለዚህ ሰው ቤት ሲገዛ ክፍሉን ይቆጥራል። ከዋናው ቤት ኋላ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ፣ ውሃና መብራት የገባለት፣ ከአስፋልቱ ብዙ ያልራቀ ከሆነ ገዢ አያጣም። በመስከረምና በጥቅምት፣ ትምህርት ሲከፈትና ሠራተኛ ሲዛወር፣ የኪራይ ፈላጊ ይበዛል፤ የሻጭም አፍ በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ቡሬ ሌላ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድና ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ድሮም የንግድ ቦታ ናት። በቅርቡ ደግሞ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መጡባት። ስለዚህ በቡሬ ሰው የሚገዛው ዛሬ ያለውን ቤት ብቻ አይደለም፤ ነገ ይመጣል ያለውን ተከራይም አብሮ ይገዛል። ፋብሪካ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው ሲባል ዋጋ ይወጣል፤ መንገድ ሲዘጋና ሥራ ሲቀዛቀዝ ገዢ ይጠፋል። ያየነውን ብንናገር፣ ዋጋ ሲወጣ በአንድ ሳምንት ነው፤ ሲወርድ ግን ሻጭ ቁጥሩን አይቀንስም፤ ዝም ብሎ ይቆያል። መቆየት የማይችል ብቻ ይቀንሳል። ያ የማይችለው ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በማንኩሳ፣ በጅጋ፣ በደምበጫና በሽንዲም ጠይቀናል። በትናንሽ ከተሞች ዋጋውን የሚወስነው የገበያ ቀን ነው። ወደ ገበያው ፊት ያለው፣ በሩ ለሱቅ የሚሆን የጭቃ ቤት፣ ከኋላ ካለው የብሎኬት ቤት ሊበልጥ ይችላል። ገበሬውም በቆሎውንና በርበሬውን ከሸጠ በኋላ ለልጆቹ ትምህርት ብሎ ከተማ ቤት የሚፈልገው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጭዱም አለ፣ ግንበኛም ይገኛል። ሰኔና ሐምሌ ሲገባ ይህ ሁሉ ገዢ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ዋጋውን ሁሉም ቦታ ያናጋው ሌላ ነገርም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቆርቆሮው፣ ብረቱ፣ ሚስማሩና ቀለሙ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚሠራ ወይም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ አብሮ ወጣ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋ ቁጥርም የሲሚንቶ ማጓጓዣው ይወደዳል። አዲስ መሥራት ሲወደድ፣ ተሠርቶ የቆመ ቤት ዋጋው ይጨምራል። ብር በቁጠባ ደብተር ተኝቶ ሲረክስ ያየ ሁሉ ወደ ቤት ይሮጣል። እኛም ስንሮጥ ነበር፤ ይህንን አንክድም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። አንድ ዓመት ስንዞር የተማርነው ትልቁ ነገር፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ቤቶች ዋጋቸው በእጥፍ ሊለያይ እንደሚችል ነው። ልዩነቱ ግድግዳው ላይ አይደለም፤ ሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ነው።

እናቶቻችን እንደሚያስታውሱት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንሸጠውና የምንገዛው ቤቱን ነው። ቦታውን የምንይዝበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የገጠመንን በአራት ከፍለን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ነባር ይዞታ የሚባለው ነው። ቦታው ከሊዝ በፊት የተያዘ፣ በማዘጋጃ ቤት የተመዘገበ፣ ካርታ ያለው ነው። ስለዚህ ስጋቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ሻጭ የማትከፍለውን የሊዝ ክፍያ ገዢ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህንን ሳያሰላ የገዛ ሰው ስም ሲያዛውር ይደነግጣል።

ሁለተኛው ራሱ በሊዝ የተያዘው ነው። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። እዚህ የሚጠየቀው ከክፍያው ስንቱ ተከፍሏል፣ ስንቱ ቀርቷል፣ ግንባታውስ በውሉ ጊዜ ተጀምሯል ወይ የሚለው ነው። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ ከሆነ በአስተዳደሩ ሥርዓት በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሻጩም ገበያው የሚሰጠውን ዋጋ ሁሉ አያገኝም። «ባዶ ቦታ ከነካርታው» ብሎ የሚመጣ ደላላ ይህን አይነግራችሁም።

ሦስተኛው በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የተገኘ ቦታ ነው። ብዙ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሠሩት በዚህ ነው። ካርታው በግለሰቡ ስም ወጥቷል ወይስ ገና በማኅበሩ ስም ነው? የሚሸጠው ሰው ለመሸጥ ጊዜው ደርሶለታል ወይ? መልሱ የሚገኘው ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል እንጂ ከሻጩ አይደለም።

አራተኛው የከተማው ዳር የእርሻ መሬት ነው፤ ብዙ እህቶቻችን የተጎዱበትም እሱ ነው። ገበሬው መሬቱን ቆራርሶ ይሰጣል፤ ሽያጭ ክልክል ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «ብድር» ወይም «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፤ ቤቱ በሌሊት ይቆማል። ጨረቃ ቤት የተባለው ለዚህ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነውም ገዢዋ የቤት ባለቤት ስለማትሆን ነው። ከተማው ሲሰፋ ካሳ የሚሰላው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው፤ ለጨረቃ ቤት የሚመጣው ግሬደር ነው። ሌላም አለ። የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለ። ባል ብቻውን «ሰጥቻለሁ» ብሎ ቢፈርም፣ ጉዳቱ በገዢዋ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ሳትጠየቅ መሬቷ የሄደባት ሚስትም አለች።

እንግዲህ ልንገዛው ስለነበረው ቤት እንናገር። የከተማዋን ስም አንጠራም፤ ሰዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ቤቱ ጥሩ ነበር። አራት ክፍል፣ ኋላው ሁለት ሰርቪስ፣ ለስብሰባችን የሚበቃ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ የአቮካዶ ዛፍ። ካርታው ነባር ይዞታ ነው፤ አይተነዋል፤ በባልየው ስም ነው። ዋጋው ካየናቸው ሁሉ ያነሰ ነበር። ደላላው «ሌላ ገዢ ከባሕር ዳር እየመጣ ነው፤ ነገ ጠዋት ቀብድ ካልከፈላችሁ አለፈላችሁ» አለን። ገንዘብ ያዣችን ከሰዓት በኋላ ብሩን አወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልን ልጆቻችንን የምንመክር ሴቶች፣ ያን ቀን እኛው ቸኮልን።

ማታ ላይ ከመካከላችን አንዷ «ግቢውን ያለ ደላላው አንድ ጊዜ እንየው፤ ለስብሰባ የሚሆነው የትኛው ክፍል እንደሆነ እንለካ» አለች። ሄድን። ባልየው ለሥራ ወጥቶ ነበር። በሩን የከፈቱልን ሚስቱ ናቸው፤ በዕድሜ ከእኛ ትንሽ ከፍ ይላሉ። «ግቡ፣ ግቡ» ብለው አስገቡን። ቡና ሊያፈሉ ፍም አወጡ። ከዚያ «ክፍል ልትከራዩ ነው? የኋላው እስከ ሰኔ ተይዟል፤ የፊተኛው ግን አለ» አሉን።

ሦስታችንም ተያየን። ቤቱ ሊሸጥ እንደሆነ አያውቁም ነበር።

እዚያ ቡና ላይ የተሰማንን ለመናገር ያሳፍራል። አንዳችን በልቧ «ዝም ብለን እንውጣ፤ የነሱ የቤት ጉዳይ ነው» ብላ ነበር፤ ኋላ ራሷ ነገረችን። ሌላዋ ስለ ካርታው እያሰበች ነበር፤ ስሙ የባልየው ነው፣ ምን አገባን ብላ። ነገር ግን እትዬ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። የመሠረቱን ድንጋይ ከባላቸው ጋር እንዳጋዙ፣ ቆርቆሮውን የገዙት እሳቸው ጠላ ሸጠው እንደሆነ፣ የአቮካዶውን ችግኝ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እንዳመጣው አጫወቱን። ሦስተኛዋ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። «እትዬ፣ እኛ ልንከራይ አይደለም የመጣነው» አለቻቸው። ነገርናቸው።

አልጮኹም። የያዙትን ስኒ አስቀመጡና «ይህ ነገር እንዳለ ገምቼ ነበር» አሉ። ከዚያ ቡናውን እስከ በረካ አጠጡን።

በማግሥቱ ቀብዱን አልከፈልንም። ደላላው ሰደበን። በከተማው «የሴቶች ማኅበር ትዳር አፈረሰ» ተብሎ ተወራ፤ ከእናንተም ጆሮ ደርሷል። ትዳሩ አልፈረሰም። ነገሩ በሽማግሌ ታየ፤ ቤቱም እስከ ዛሬ አልተሸጠም። እትዬም የማኅበራችን አባል አልሆኑም፤ እኛም ሁኑ አላልናቸውም።

ይህንን የምንነግራችሁ ደግ ነን ለማለት አይደለም። ብንገዛው ኖሮ ሁለት ነገር ይደርስብን ነበር። አንደኛው በሕግ ነው። በቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለመለወጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማችው ሚስት ፍርድ ቤት ሄዳ ሽያጩን ማስፈረስ ትችላለች። ብራችን ከባልየው እጅ እስኪመለስ ስንት ክረምት ያልፍ ነበር? ሁለተኛው ከሕግ ይብሳል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አንድ ቀን ማለዳ የማናውቀው ሰው ግቢያችን ገብቶ ግድግዳችንን ሲለካ ያየነው? ማኅበሩን ያቋቋምነው ለምን ነበር?

ስለዚህ ለምትገዙም ለምትሸጡም ያየነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

ለምትገዙ። ደላላው የሚያሳያችሁን ካርታ ኮፒ አትመኑ፤ ከባለይዞታው ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፋይሉ ላይ ያለውን ስም፣ ስፋትና ዕዳና እገዳ አስጠይቁ። ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ የወራሾች ክርክርም ሊኖር ይችላል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውን በአካል እዩ፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይምጣ። ጎረቤት ጠይቁ፤ ቡና ጠጡ። እኛን ያዳነን የሕግ ዕውቀት አልነበረም፤ ቡና ነው።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ውሉን ያፈረሰው ከፋዩ ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ለምሳሌ 50 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለች ሻጭ ሐሳቧን ብትቀይር 100 ሺህ ብር መመለስ አለባት። ስለዚህ ቀብድ ወረቀቱ ሁሉ ከታየ በኋላ የሚከፈል ነው እንጂ «ቦታ ለመያዝ» የሚወረወር አይደለም። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

ለምትሸጡ። ግብር ለመቀነስ ብለው ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰው እንዲጽፉ የሚመክሩ አሉ። ቀሪው ብር ሳይከፈላችሁ ቢቀር የምትከራከሩት በተጻፈው ነው። ገዢዋም ብትሆኑ እንደዚያው፤ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው። ከወላጆች የወረሳችሁት ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ በሕግ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም እኩል ወራሽ ናቸው። «እሷ አግብታ ሄዳለች» ብሎ እህትን የዘለለ ሽያጭ ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ እናቶችም ይህን ስሙ። ልጅቷ በልብስ እጥበትና በሰው ልጅ አሳዳጊነት የላከችውን ብር ወንድም ወይም አባት ቤት ይገዛበታል፤ ካርታው በእነሱ ስም ይወጣል። ስትመለስ እንግዳ ትሆናለች። በኤምባሲ በኩል ውክልና ልካ በራሷ ስም ይገዛላት። ውክልናው ለመግዛት ከሆነ ለመግዛት ብቻ ይሁን፤ ቤት ለመሸጥ በተለይ የተሰጠ ሥልጣን ያስፈልጋልና፣ ያንን ሳታስቡበት አትስጡ። የላከችበትን ደረሰኝም አስቀምጡ።

ቅድም መቆየት የማይችል ብቻ ዋጋ ይቀንሳል ብለን ነበር። ያየነውን እንናገር፤ በሐምሌና በነሐሴ ቤቷን ለመሸጥ ደላላ ዘንድ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ሕመምተኛ ያለባት፣ የልጅ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ የደረሰባት ናት። ገዢው ይህን ያውቃል። እህሉ ያለቀበት ወር ስለሆነ የሰጧትን ትቀበላለች። በጥር የሚያወጣውን ዋጋ ሳታገኝ፣ ለሦስት ወር ችግር የዕድሜ ልክ ቤቷን ትሰጣለች። ይህችን ሴት ካርታ ብቻውን አያድናትም፤ እስከ ጥር የሚያቆያት ገንዘብ ያስፈልጋታል።

ከዚህ ተነሥተን ለጉባኤው አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የማኅበሩን ቤት መፈለግ እንቀጥል፤ ነገር ግን የባልና የሚስት ፊርማ ሳይታይና ፋይሉ ሳይጣራ አንድ ብር ቀብድ አይከፈል፤ ይህም በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከተቀማጫችን የተወሰነው ለክረምት ብድር ይለይ፤ ቤቷን ለመሸጥ የተገደደች አባል እስከ መኸር እንድትቆይበት።

ሦስተኛ፣ ቤት ልትገዛም ልትሸጥም የተነሣች አባል ለኮሚቴው ትንገር፤ ሁለት ሴቶች አብረዋት ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ። ብቻዋን የሄደች ሴት «ነገ ነይ» ትባላለች፤ ሦስት ሆነው ሲሄዱ ፋይሉ ይገኛል።

አራተኛ፣ እያንዳንዳችን ዛሬ ቤት ስንመለስ ሳጥኑን ከፍተን ካርታው ወይም ደብተሩ ላይ ስማችን መኖሩን እንይ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የያዘው የማንን ስም እንደሆነ ሳናውቅ ብዙ ዓመት የኖርን አለን።

ደጋፊዎቻችን፣ ለቤቱ ብላችሁ የሰጣችሁን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በባንክ ደብተራችን አለ። ዛሬ ከአምናው ያነሰ ቤት እንደሚገዛ እናውቃለን፤ በእኛ መዘግየት የመጣ ነውና አንሸሽገውም። ከአባሎቻችን አንዷ «ለአንዲት ሴት ብላችሁ የመቶ ሴት ቤት አሳለፋችሁ» ብላናለች። እውነት አላት። እኛም መልስ ብለን ያቀረብነው ይህንን ብቻ ነው፤ ያቺ አንዲት ሴት ነገ ከመቶዎቹ አንዷ ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ በር የሚያንኳኳው ማን እንዲሆን እንደምንፈልግ እናንተው ወስኑ።

 ውይይቱን ለእናንተ እንተዋለን።